በፎርማኑ ፊት የሚጠጣ ወተት

መገርሳ ሰክሮ ሥራ ላይ ተገኘ የሚለውን ማስታወቂያ ሰኞ ጠዋት በፋብሪካችን በር ላይ ሳነብ፣ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ማስታወቂያውን የጻፈውን ሰው ነው። መገርሳ በቤተ ክርስቲያኑ የኳየር መሪ ነው። ሠርግ ላይ ጠላ ቀጂ ወደ እሱ ሲጠጋ ብርጭቆውን ይደፋል፤ ለስላሳ ሲጠጣ እንኳ ምን እንደሆነ ሰው እንዲያይለት ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ ይይዛል። ከቃሊቲ መናኸሪያ እስከ አቃቂ ድልድይ አረቄ ቀምሶ የማያውቅ አንድ ወንድ አምጡ ብንባል፣ ያለ ስብሰባ የምንልከው እሱን ነበር።

ማስታወቂያው ግን ክብ ማኅተም አለው። ክብ ማኅተም ያረፈበት ነገር ደግሞ እስኪሻር ድረስ እውነት ነው። «ሠራተኛው ቅዳሜ ዕለት በስካር መንፈስ የቀለጠ እርሳስ በመድፋቱ፣ ረቡዕ በስምንት ሰዓት ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀርቦ የማይሰናበትበትን ምክንያት ያስረዳ» ይላል።

የሆነው ይኼ ነው። ፋብሪካችን ከየጋራዡ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበሰበ፣ እርሳሱን አቅልጦ አዲስ ባትሪ ይሠራል። መገርሳ የቀለጠውን እርሳስ በረጅም ጭልፋ ከድስቱ እየቀዳ ቅርጽ ውስጥ የሚያፈስ ሰው ነው፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዲት ጠብታ አላባከነም። ቅዳሜ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ጌዲዮን እንግዶች እያስጎበኙ ሳለ ጭልፋው ከመገርሳ እጅ አመለጠ። ማንም አልቆሰለም። የተቃጠለው የአንድ እንግዳ ጫማና የአቶ ጌዲዮን ክብር ነው። ጫማው ይተካል።

እኔ ዳሲቱ እባላለሁ፤ የፋብሪካው ሴፍቲ ነኝ። በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ «የሥራ ቦታ ደኅንነትና ጤና ባለሙያ» ይላል፤ ማቅለጫ ክፍል ያሉት አሥራ አንድ ሰዎች ግን የሚያውቁኝ «ማስክ አድርጉ፣ መጣች» በሚለው ነው። ከዩኒቨርሲቲ አሥራ አራት ገጽ ቅጽ ይዤ መጥቼ ፋብሪካውን ከጣሪያው እስከ ሽንት ቤቱ እየዞርኩ ሞላሁት። ከማቅለጫው ድስት በላይ ትልቅ ጭስ መሳቢያ እንዲተከል ስጨቀጭቅ ከረምኩ፤ ተተከለ። አየር የሚለካ ባለሙያ መጣ፤ ለካ፤ «ጥሩ ነው» ብሎ ፈረመ። ከጭስ መሳቢያው ጋር ፎቶ ተነሥቼ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ። እናቴ ከሥሩ «ይኼ የማን ኩሽና ነው?» ብላ ጻፈች።

መገርሳ ራሱ ማስታወቂያው ሥር ቆሞ ነበር።

«አንብበኸዋል?» አልኩት።

«ሦስቴ። አሁን ደግሞ የኳየሩ ጸሐፊ አነበበው። እዚህ ጎናችን ያለው መጋዘን ነው የሚሠራው፤ ፎቶ አንሥቶት ሄደ።» ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚያወራው። «ሥራ ሌላም ይገኛል፣ ዳሲ። ሰካራም ተብዬ እንዴት ነው መዝሙር የምመራው?»

«ጭልፋውን ለምን ጣልከው?»

«እኔ አልጣልኩትም። እጄ ነው የጣለው።»

ቀኝ ክንዱን ዘረጋልኝ። እጁ ከአንጓው ታጥፎ ወደታች ተንጠለጠለ። «ቀና አድርገው» አልኩት። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ እጁ ቀና አላለም።

ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለን አንድ መምህራችን እጁን ልክ እንደዚህ አንጠልጥሎ በክፍሉ ውስጥ ሲንጎራደድ ስቀንበት ነበር። «ሳቁ፣ ሳቁ» አለን፤ «እርሳስ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ነርቭ ሲመታ እጅ እንዲህ ይሆናል። አንድ ቀን ታገኙታላችሁ።» ማዘን ነበረብኝ፤ ቀድሞ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሌባ ዳና ያገኘ ፖሊስ የሚሰማው ዓይነት።

«አልሰከርክም» አልኩት።

«እሱን እኔም ዐውቃለሁ» አለ።

በዚህ መሐል ሱፍያን ደረሰ። ከመገርሳ ጎን ያለውን ቅርጽ የሚሞላ፣ ሳይቀልድ ሰላምታ የማይሰጥ ሰው ነው። «ፓስተር፣ ምን ላድርግህ? ኦርቶዶክሱ በሁዳዴ ጾመ፤ እኛ በረመዳን ጾምን። አንተ ብቻ ጠግበህ ከረምክ። ሆድህ በቁርጠት ሲሰድብህ ከርሞ አሁን እጅህ ተቀበለው።»

«ተው እንጂ ሱፌ» አለው መገርሳ፤ ግን ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። አሥራ አንድ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ አንድ አየር ይተነፍሳል። አየሩ ተለክቷል። ታዲያ ለምን የአንዱ እጅ ብቻ?

በቀጥታ ወደ ክሊኒካችን ሮጥኩ። ክሊኒኩ ማለት ሲስተር ብዙወርቅ፣ አንድ አልጋና አንድ ትልቅ መዝገብ ነው። ሲስተር ጡረታ ሊወጡ የደረሱ ነርስ ናቸው፤ የመጣውን ሁሉ በቆንጆ ጽሕፈታቸው ይመዘግቡና ከጎኑ «ጨጓራ» ይላሉ።

«ሲስተር፣ ከማቅለጫ ክፍል ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ የሚመጣ ሰው አለ?»

«የማይመጣ አለ ወይ በይኝ። ጨጓራ ነው፤ በርበሬ ይወዳሉ።»

«ሁልጊዜ ነው?»

መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። «በጾሙ ጊዜ ትንሽ አረፍኩ። ጾም እኮ ሆድ ያጸዳል፣ የኔ ልጅ። መገርሳን ስንት ጊዜ መከርኩት መሰለሽ፤ እንደ ወንድሞችህ ብትጾም ይተውህ ነበር ብዬ።»

መዝገቡን ተቀብዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በአንድ ወረቀት ላይ አሥራ አንዱንም ስም ጻፍኩ፤ ሆዴን ባለ ቁጥር በየወሩ አንድ ነጥብ አስቀምጥለታለሁ። ጥርና የካቲት ላይ ሁሉም ሰው ነጥብ አለው፤ ወረቀቱ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መስሏል። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት። መጋቢት ላይ ነጥቦቹ ጠፉ። የኦርቶዶክሶቹም ጠፋ፤ የሙስሊሞቹም ጠፋ። የመገርሳ ብቻ በእጥፍ ሆነ።

«አየሽ?» አሉ ሲስተር ከበላዬ ሆነው።

«ይቆዩ፣ አንዴ።»

ሚያዝያን ገለጥኩ። ዒድ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሲሆነው ሱፍያን ሆዱን ይዞ መጣ፤ ሌሎቹ ሙስሊሞችም ተከተሉት። ኦርቶዶክሶቹ ገና እየጾሙ ስለነበር ደህና ናቸው። ፋሲካ ዋለ። ግንቦት ሲገባ የእነሱም ሆድ መቁረጥ ጀመረ። ተነሥቼ ቆምኩ። እያንዳንዱ ሰው ሕመሙ የተመለሰው ጾሙን በፈታ በሁለት ሳምንቱ ነው፤ እንደየሃይማኖቱ፣ እንደየቀጠሮው።

«ሲስተር፣ በጾም ጊዜ የሚቀር ነገር ምንድነው?»

«ሥጋ ነዋ። ቅቤ፣ ዕንቁላል።»

«ሙስሊሙ ማታ ማታ ሥጋውንም ዕንቁላሉንም ይበላል። ሁለቱም ጿሚ ቀን ቀን፣ እዚህ ግቢ ውስጥ የሚተወው ምንድነው?»

ሲስተር ሰዓታቸውን አዩ። አራት ሰዓት ሊሆን ነው፤ በዚህ ሰዓት ማቅለጫ ክፍል ምን እንደሚታደል ሁለታችንም እናውቃለን። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ወተት» አሉ።

ማቅለጫ ክፍል ስገባ ጋሼ ፈቀደ ወተቱን እያቀረቡ ነበር። የክፍሉ ፎርማን ናቸው፤ ስልሳ ሊሞላቸው ነው፤ ሠራተኞቻቸውን እንደ ልጅ የሚቆጡ፣ እንደ ልጅ የሚያበሉ። በየፋብሪካው እንደሚባለው ወተት ጭስ ይይዛል ይባላልና፣ ድርጅቱ ለእያንዳንዱ ሰው በየቀኑ ግማሽ ሊትር የላስቲክ ወተት ይሰጣል። ጋሼ ፈቀደ ላስቲኮቹን በጩቤ እየቀደዱ ወደ አንድ የወተት ድስት ይገለብጣሉ። ከዚያ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተሰቀሉትን ኩባያዎች ያወርዳሉ። እያንዳንዱን ኩባያ ከትከሻቸው በማትለየው ጨርቅ ወልወል ያደርጋሉ፤ አፉን በተለይ፣ በደንብ፣ በፍቅር። ከዚያ ቀድተው ያድላሉ። በየቀኑ አይቼው ነበር፤ ዛሬ ገና አየሁት።

ቦርሳዬ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ለምኜ ያመጣኋቸው አራት የእርሳስ መፈተሻ እንጨቶች አሉ፤ ጫፋቸው ጥጥ ነው፣ እርሳስ ሲነካ ይቀላል። አንዱን መጀመሪያ የመገርሳ ጓንት ላይ አሸሁ። ቀላ።

«ጉድ ነው» አለ ሱፍያን፤ «እርሳስ ፋብሪካ ውስጥ እርሳስ ተገኘ። ነገ ደግሞ ዳቦ ቤት ሄደሽ ዱቄት ፈልጊ።»

እውነቱን ነው፤ አንዱን በከንቱ አባከንኩ። ሁለተኛውን ይዤ ምሳ የሚበሉበት አዳራሽ ሄድኩ፤ ጠረጴዛውን አሸሁት። እንደነበረ ቀረ። እዚያ ሲገቡ እጅ ይታጠባሉ፣ ቱታ ያወልቃሉ። ሦስተኛውን ጋሼ ፈቀደ ወልውለው ገና ወተት ያልቀዱበት ኩባያ አፍ ላይ አዞርኩት። ሃያ ድረስ ቆጠርኩ። ጥጡ እንደ በሰለ ቲማቲም ቀላ።

«ምንድነው?» አሉ ጋሼ ፈቀደ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ወተቱ ይቅር።»

«እንዴት ይቀራል? የተከፈተ ወተት አይደፋም፤ ነውር ነው።»

«ጿሚዎቹ በማይጠጡበት ጊዜስ ምን ያደርጉት ነበር?»

«መገርሳ አለ አይደል? የማንንም ወተት አፈር አላስነካም። አንዳንዴ እምቢ ይለኛል፤ ያኔ በሞቴ እለዋለሁ።» በኩራት ነው የነገሩኝ። «አምስትም፣ ስድስትም ኩባያ ጠጥቶልኝ ያውቃል።»

ወደ መገርሳ ዞርኩ። «በሞቴ ሲሉኝ ምን ልበል?» አለ።

ከጋሼ ፈቀደ ራስ በላይ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለ ማኅተም ያለው ወረቀት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የወጣ የአቶ ጌዲዮን ትእዛዝ ነው፤ «ወተቱን ሳይጠጡ ወደ ቤት የሚወስዱ ሠራተኞች በመኖራቸው፣ ከአሁን በኋላ ላስቲኩ ተከፍቶ፣ በሥራ ቦታ፣ በፎርማኑ ፊት ይጠጣ» ይላል። ድሮ ሰዎቹ የታሸገውን ላስቲክ ኪሳቸው ከተው ለልጆቻቸው ይወስዱት ነበር። ጥፋት ተብሎ የተከለከለው ነገር ንጹሑ ነበር። ደንቡ ወተቱን ከታሸገበት አውጥቶ የእርሳስ አቧራ ላይ አስቀመጠው። ጭሱን ያባረርኩት እኔ፣ ወደላይ ብቻ ሳይ ከርሜ፣ ወደ ኩባያው አንድ ቀን አልወረድኩም።

ቢሮዬ ገብቼ ያንን አሥራ አራት ገጽ ቅጽ ገለጥኩ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሠራተኛውን ከእርሳስ ለመከላከል የተወሰደ እርምጃ፦ ወተት። በቂ ነው።» ፊርማው የእኔ ነው። ጅራቷ የተጠማዘዘ፣ የምኮራባት ፊርማ።

ረቡዕ በስምንት ሰዓት ኮሚቴው ተሰበሰበ። አቶ ጌዲዮን መሐል፣ ሲስተር ብዙወርቅ በአንድ በኩል፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዘካሪያስ በሌላ በኩል። ፊታቸው የተዘጋጀ የስንብት ደብዳቤ ተቀምጧል፤ ቀን እንኳ ተሞልቶበታል። መገርሳ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ቀኝ እጁን በግራው አቅፎ ቆሟል። ጋሼ ፈቀደ ምስክር ተብለው ተጠርተዋል።

የነጥብ ወረቀቴን ዘረጋሁና ሁሉንም ተናገርኩ። ድምፄ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ሄደ፤ ሲስተር ከጠረጴዛ በታች በእግራቸው «ቀስ» ይሉኛል።

አቶ ጌዲዮን አዳመጡኝ፤ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ያላመኑትን ሰው በደንብ ያዳምጣሉ። «ወይዘሪት ዳሲቱ፣ ወተቱ በቂ ነው ብለው የፈረሙት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። ዛሬ እሱንም ለማስመዝገብ ነው የመጣሁት።»

ይኼን አልጠበቁም። ወረቀታቸውን አገላበጡ። «ቀላ ያሉት ጥጥ የት እንደተነካ እኛ አላየንም። ኩባያውን ማን እንዳቆሸሸው ምን እናውቃለን?»

«ትክክል ነው» አልኩ። «እዚሁ ይሁን። ጋሼ ፈቀደ በየቀኑ እንደሚያደርጉት ያድርጉ።»

ያልተከፈተ ላስቲክ ወተት መጣ። ኩባያውን ዘካሪያስ ራሱ ሄዶ ከሚስማሩ አወረደው። ጋሼ ፈቀደ ተነሡ። ጨርቋን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ኩባያውን ከውስጥ፣ ከዚያ አፉን ወለወሉ። ላስቲኩን ቀደው ቀዱ።

አራተኛዋን፣ የመጨረሻዋን እንጨት አወጣሁ። የኩባያውን ከንፈር ዙሪያውን አሸሁና ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጥኳት። ስድስት ሰው አንዲት ጥጥ ላይ አፈጠጠ። አምስት ቆጠርኩ። ምንም የለም። አሥር። ጥጧ ባለችበት ነች። መገርሳ ዐይኑን ጨፈነ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሌላ እንጨት የለኝም። ሌላ ረቡዕም የለንም።

«ይኸው» አሉ አቶ ጌዲዮን። ኩባያውን አነሡ። «እኔ ይኼን ወተት ለሠራተኛ የማቀርበው ራሴ የማልጠጣው ሆኖ አይደለም። እንዲያውም…»

ጥጧ ከዳር በኩል ሮዝ ሆነች። ከዚያ ሮዙ ወደ መሐል ሮጠ።

ጋሼ ፈቀደ ከሁላችን ቀድመው አዩት። ሠላሳ ዓመት አለቃ ፊት ኮፍያቸውን አውልቀው የቆሙ ሰው፣ ጠረጴዛውን ተሻግረው የሥራ አስኪያጁን እጅ በጥፊ መቱት። ኩባያው ግድግዳው ላይ ተላተመ። ወተቱ ግማሹ የአቶ ጌዲዮን ከረባት ላይ፣ ግማሹ የስንብት ደብዳቤው ላይ ፈሰሰ።

ጥጧ አሁን ሙሉ በሙሉ ቀይ ናት።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ፈቀደ። ወደ አቶ ጌዲዮን አላዩም፤ ወደ መገርሳ ነው። «በዚህ ጨርቅ የእርሳሱን ድስት እይዛለሁ፤ በዚህ ጨርቅ ቅርጹን እጠርጋለሁ። በዚሁ ኩባያህን ወልውዬ፣ በሞቴ እያልኩ አጠጣሁህ። ልጄ፣ በገዛ እጄ።»

«ጋሼ፣ ተዉ» አለ መገርሳ። «ካልቀዱልኝ እኔም እቀየም ነበር።»

ዘካሪያስ የረጠበውን ደብዳቤ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። «ይኼ እንግዲህ አበቃ» አለ።

አቶ ጌዲዮን ከረባታቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ነበር። ተቆጥተው ይሁን ደንግጠው አልለየሁም፤ ምናልባት እሳቸውም አልለዩም። «መልካም» አሉ በመጨረሻ። «ስንብቱ ተሰርዟል። አቶ መገርሳ ነገ ወደ ሥራቸው ይመለሱ።»

«አይመለስም» አልኩ። «ነገ ሐኪም ቤት ሄዶ ደሙ ይመረመራል፤ አሥራ አንዱም ይመረመራሉ፣ ጋሼም ጭምር። መገርሳ እስኪድን ማቅለጫ ክፍል አይገባም፤ ደመወዙም አይነካም። ኩባያዎቹና ጨርቋ ከክፍሉ ይወጣሉ። ያ ትእዛዝም ይወርዳል። ወተት መስጠት ከፈለጋችሁ ታሽጎ፣ ከሥራ ሲወጡ፣ ታጥበው። ለልጁም ቢወስደው ይውሰደው።»

«ሌላ?» አሉ አቶ ጌዲዮን። በሽሙጥ ነበር፤ ግን እየጻፉ ነው።

«ሌላ አለ» አለ መገርሳ።

ሁላችንም ዞርን። እስካሁን ድምፁ የወጣው ጋሼ ፈቀደን ለማጽናናት ብቻ ነበር።

«በር ላይ ሰክሯል የሚል ወረቀት ተለጥፎብኛል። ፎቶው ቤተ ክርስቲያን ደርሷል። ትናንት ሽማግሌዎቹ ጠርተው ለጊዜው ከመዘምራን ተቀመጥ ብለውኛል። ባለቤቴ ምንም አላለችኝም፤ ግን ስገባ አፌን አሸተተች። በቃል ተሰርዟል ብትሉኝ ማን ያምነኛል? በወረቀት የመጣ ነገር በወረቀት ነው የሚሄደው።»

«ስህተት ተፈጥሯል ብለን እንጽፋለን» አሉ አቶ ጌዲዮን።

«የማን ስህተት?» አሉ ሲስተር ብዙወርቅ። እኔም ዘካሪያስም አየናቸው። ሲስተር መዝገባቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ነበር። «እኔ ጨጓራ ብዬ ጽፌያለሁ፤ የእኔም ይጻፍ። እሷም የፈረመችው ይጻፍ። የእርስዎም ይጻፍ።»

ክርክሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። አንድ ቃል ይገባል፣ አንድ ቃል ይወጣል። አቶ ጌዲዮን «በድርጅቱ ትእዛዝ» የሚለውን ሦስት ጊዜ አወጡት፤ ዘካሪያስ ሦስት ጊዜ መለሰው። የቢሮው ጸሐፊ በአራተኛው ረቂቅ ላይ ማተሚያው ቀለም እየጨረሰ ነው ብላ ስትገባ አቶ ጌዲዮን እጅ ሰጡ። ማኅተሙን ራሳቸው መቱት፤ እንደተናደደ ሰው፣ በኃይል።

ማቅለጫ ክፍል ስንደርስ ሥራ ቆሟል፤ ወሬው ቀድሞናል። መገርሳ ወረቀቱን በግራ እጁ ይዞ ሊያነብ ሞከረ፤ ተርገበገበበትና ለሱፍያን ሰጠው። ሱፍያን ጓንቱን አወለቀ፤ ከዚያ ወረቀቱን ከመያዙ በፊት ወደ ቧንቧው ሄዶ እጁን በሳሙና ታጠበ። ሳልነግረው። ሰው አጠገቤ ባይኖር ኖሮ በደስታ እዘል ነበር።

«አቶ መገርሳ በተጠቀሰው ዕለት ምንም ዓይነት አልኮል አልጠጡም» ብሎ አነበበ ሱፍያን፣ እንደ ዜና አንባቢ። «እጃቸው የከዳቸው በሥራ ቦታ በደረሰባቸው የእርሳስ መመረዝ ነው። መመረዙ የመጣው በድርጅቱ ትእዛዝ፣ በሥራ ቦታ፣ በፎርማኑ ፊት ከጠጡት ወተት ነው። ፓስተር፣ በወተት የሰከረ የመጀመሪያው ሰው ሆንክ።»

«አልሰከረም ይላል እኮ» አለ መገርሳ። «ድገመው፣ አልጠጡም የሚለውን።»

ደገመው። ሰዎቹ ሳቁ፤ መገርሳም ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሊቀየር ሲል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጋሼ ፈቀደ ከኋላው መጥተው፣ እጃቸውን ሳያሳርፉበት አጠገቡ ቆሙ።

ከሥራ ስንወጣ ከመገርሳ ጋር ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም በሚሄደው ታክሲ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሐኪሙ ምን እንደሚለው አላውቅም፤ ነርቭ ይመለሳል፣ ግን በወራት ነው፣ አንዳንዴም ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ይኼንኑ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። በዚያ ሰዓት ስለ እጁ እያሰበ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ የኳየር ልምምድ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይጀምራል፤ ሊደርስበት ነው የሚቸኩለው።

ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ፣ ጉልበቱ ላይ አስተካክሎ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለው።

«ማኅተሙ በደንብ ይታያል?» አለኝ።

አጎንብሼ አየሁለት።

«ይታያል» አልኩት።